ጋሽ ሳብ ተቀምጦ ያየው ሠርግ

እሑድ፣ ግንቦት ፲፯ ቀን ጠዋት፣ ጋሽ ሳብ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ቀረ። በፊተኛዋ ክፍል፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ጀርባው የተከፈተ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተቀምጦ ነበር። ከውስጡ ሁለት ሽቦዎች ወጥተዋል፤ አንደኛው ተበይዷል፣ ሁለተኛው ጫፉ ተልጦ ቀርቷል። የማጉያው ባለቤት፣ የአንድ ጭፈራ ቤት ኃላፊ፣ ከቀብሩ በኋላ መጥቶ እንደተከፈተ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው። «ሌላ ሰው እንዲነካው ልቤ እሺ አይለኝም» ብሎ ነበር። በኋላ ግን ልቡ እሺ ብሎት ሌላ ሰው ጨርሶለታል። ይሠራል፤ ትንሽ ይንጫጫል ይላሉ።

ማጉያውን ብቻ አይቶ፣ ጋሽ ሳብ ነገር ጀምሮ የሚተው ሰው ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሠርግ ሲጀምርና ሲጨርስ የኖረ ሰው ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋችና የባንድ መሪ፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ማጉያ ጠጋኝ ነበር። ሳብ የወጣለት ስም ነው። ድራመሩ ሞቅ ብሎት መፍጠን ሲጀምር፣ ሳይቆጣም ሳይስቅም፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ «ሳብ» ይለዋል። ሳብ አድርገው፣ ሰው እየጨፈረ ነው እንጂ አውቶቡስ አላመለጠውም ማለቱ ነው። ስሙን መጀመሪያ የባንዱ ልጆች አወጡለት፤ ከዚያ ሰፈሩ ወሰደው፤ በመጨረሻ ባለቤቱም በተናደደች ቁጥር ትጠቀምበት ጀመር።

ሠርግ የደገሰ ሰው ባንድ ሊቀጥር ሲመጣ የሚቀበለው በዚያችው በፊተኛዋ ክፍል ነው። ወላጆች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ እጮኛሞቹ ቦታ ስለማይተርፋቸው አንድ የተበላሸ ማጉያ ላይ ይደረባሉ። ወዲያው ይኼን ዘፈን፣ ያንን ዘፈን ማለት ይጀምራሉ። ጋሽ ሳብ እጁን ያነሣል።

«እሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የማይዘፈነውን ንገሩኝ።»

«የማይዘፈን ማለት?»

«በየቤቱ አንድ አለ። ሲሰሙት የሞተ ሰው ትዝ የሚላቸው፣ ወይ የተጣሉት ሰው። እኔ ሳላውቅ ከጀመርኩት ግብዣችሁ ገደል ገባ ማለት ነው።»

ሰው ይተያያል። ሁልጊዜም የሚናገረው ያልተጠበቀው ነው። አንድ ጊዜ፣ ከገባ ጀምሮ ትንፍሽ ያላለ የሙሽራ አባት የአንድ ዘፈን ስም ጠራና አቀረቀረ። ሚስቱ ዞራ አየችው። «ይኼን ሁሉ ዘመን አብሬህ ስኖር አላውቅም» አለች። «አልጠየቅሽኝማ» አላት። ጋሽ ሳብ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ የሚበቃው የዘፈኑ ስም ነው።

ከዚያ በቀን ብርሃን ሄዶ አዳራሹን ያያል። መሐል ላይ ይቆምና፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አንዴ ጮክ አድርጎ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ከበሮው የት እንደሚቆም፣ ጆሮዋ የደከመው አክስት የት፣ ጫጫታ የሚያማርረው አጎት የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። የየአዳራሹ ጠባቂዎች «ጋሼ ሊያጨበጭብ መጣ» እየተባባሉ መብራት ያበሩለታል። በሥራው የሚተማመን ሰው ነበር፤ ሲተማመንም ያምርበታል።

ያልነበረው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ነው፤ እሑድ ደግሞ የቅዳሜውን መተኛት ነው። የሚስቱ እህት ልጅ ሲዳር የለም፤ የራሱ ታናሽ ወንድም ቤት ሲመረቅ የለም። አንዲት ሴት ልጁ «አባትሽ የታለ?» ስትባል አደገች። «ሠርግ ሄዷል» ትላለች። «የማን ሠርግ?» ሲሏት «የሰው» ትላለች። ከፋርማሲ ትምህርት ቤት የተመረቀች ዕለት፣ ፎቶግራፍ አንሺው ዕቃውን ሲሸክፍ ነው በመድረክ ጫማው እየሮጠ የደረሰው። ልጅቱ ነገር ማሳደር አታውቅም፤ ይህን ነገር ግን አሳደረችው።

ለመዳር የደረሰች ጊዜ አንድ ረቡዕ ከሥራ መልስ መጥታ፣ ማጉያው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሠርጌ ላይ ባንድ እፈልጋለሁ።»

«ተቀጥሯል» አለ ቀና ሳይል።

«ያንተን አላልኩህም።»

መበየጃውን አስቀመጠ። ከኋለኛው ክፍል፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ለመስማት ነው።

«ዲጄ ልታመጪብኝ ነው?»

«ባንድ አልኩህ። የሚጫወት ባንድ። የምትቀጥረው አንተ ነህ፤ ግን አትጫወትም። ፊት ለፊቴ፣ ከእማዬ ጎን፣ እስኪያልቅ ትቀመጣለህ።»

«እስኪያልቅ ማለት…»

«እስኪያልቅ። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሠርጉ ላይ አባቴን አይቶታል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። መድረክ ላይ ብትወጣ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ አልቀየምህም። ግን ሁለተኛ ምንም አልጠይቅህም።»

ጋሽ ሳብ ልጁን ያውቃታል። የምትፎክር ልጅ አይደለችም፤ አልጠይቅህም ካለች አትጠይቀውም፣ እሱም ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓል የሚጎበኝ ዘመድ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ቢሆንም አልደነገጠም።

«ይኼ ምኑ ይከብዳል? መቀመጥ አይደል እንዴ?»

ከኋለኛው ክፍል ሚስቱ ሳቀች።

ባንድ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የሄደው እኩያው የሆነ ሳክስፎን ተጫዋች ወደሚመራው ባንድ ነው፤ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ይለማመዳሉ። ገና ሲገባ አጨበጨበ። ያቺ ከበሮ ላልታለች አለ። ዘፈኑን ትንሽ ዝግ አድርጉት አለ፤ ዝግ ሲያደርጉት እንደገና ዝግ አድርጉት አለ። ሳክስፎን ተጫዋቹ መሣሪያውን ከአፉ አወጣ።

«ወንድሜ፣ ልትቀጥረን ነው የመጣኸው ልታርመን?»

«ልቀጥራችሁ።»

«እንግዲያው እንደ ቀጣሪ ሁን። ቀጣሪ ምንም አያውቅም። ‹ሞቅ አድርጉልን› ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ሞቅ አድርጉልን» አለ ጋሽ ሳብ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረው ቃል አፉ ውስጥ እንደ ድንጋይ ሆነበት። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «የማይኩ ድምፅ ግን…»

«ሂድልን በናትህ።»

ሁለተኛዎቹ ፀጉራቸውን ያሳመሩ ወጣቶች ናቸው። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ ደስ አለው፤ ቀረብ ብሎ ሲያይ የጊታሩ ገመድ የትም አልተሰካም። ሙዚቃው የሚወጣው ከኮምፒውተር ነው። «ሰካው እንጂ ልጄ፣ ቢያንስ ለሰው ዓይን» ብሎ ወጣ።

ቤት ሲመለስ ሚስቱ መርፌዋን ጥርሷ መሐል ይዛ ጠበቀችው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ» አለች። «የገዛ ባንድህ ልጆች እያሉልህ ምን ያንከራትትሃል?»

«እነሱማ የኔ ናቸው።»

«አንተ ባትኖር የማን ናቸው?»

ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ የራሱን ባንድ ያለራሱ ቀጠረ። መሪ ያደረገው ኪቦርድ ተጫዋቹን ነው። ቀዝቃዛው ይሉታል፤ ቤት ቢቃጠል ጫማውን አጥብቆ አስሮ፣ መስተዋት አይቶ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው። ለቤዝ ጊታሩ የድራመሩ ወንድም ተተካ። የሚለማመዱበት የተከራዩት ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሳብ በሩ አጠገብ የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጠና «ጀምሩ» አለ።

ማንም አልጀመረም። ድራመሩ እንጨቶቹን እንዳነሣ፣ ዘፋኟ ማይኩን እንደያዘች፣ ሁሉም እሱን ያዩታል።

«ምን ያስፈጥጣችኋል? ጀምሩ እንጂ።»

«እየጠበቅንህ እኮ ነው» አለ ቀዝቃዛው።

«ምኔን?»

«ትከሻህን።»

«የምን ትከሻ?»

«ግራውን። ልንጀምር ስንል ከፍ ታደርገዋለህ። ልናቆም ስንልም ከፍ ታደርገዋለህ። አታውቅም እንዴ?»

አያውቅም። ሌሎች ባንዶች ዘፈን ከመጀመራቸው በፊት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሲቆጥሩ ይንቃቸው ነበር፤ ሙሽራ ፊት እየቆጠሩ ምን ሊያሠሩ ነው፣ ጂምናስቲክ ነው ወይ ይላል። የኔ ልጆች አይቆጥሩም፣ ልብ ለልብ ነው የሚጀምሩት እያለ ስንቱን ቀጣሪ አስደንቋል። ለካ ልቡ ትከሻው ላይ ኖሯል። «ውሸታሞች» ብሏቸው ወደ ቤቱ ሄደ።

«እኔ ትከሻዬን አነሣለሁ?» አላት ሚስቱን።

«ታነሣለህ።»

«መቼ?»

«ልትዋሽ ስትልና ከወንበር ልትነሣ ስትል።»

አንድ ቀን አኮረፈ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሥራው ገባ፤ ጋሽ ሳብ ችግር ከታወቀ ግማሹ አለቀ ባይ ነው። ቀዝቃዛው የራሱ ምልክት እንዲኖረው ተባለ። ራሱን ነቅነቅ በማድረግ ቢሞክር፣ የቀዝቃዛው ራስ መንቀሳቀሱን ያየ ሰው አልተገኘም። በቅንድብ ቢሞክር ድራመሩ አጉረመረመ። «እኔ ከዚህ ሆኜ ቅንድብህ አይታየኝም። ቅርብም ሆኜ ታይቶኝ አያውቅ።» በመጨረሻ መላ የሰጠችው ዘፋኟ ነች። «ሁለት እጅ አይደል ያለህ? አንዱን ወደላይ አንሣና ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ጣለው።» ጣለው። ባንዱ እንደ አንድ ሰው ገባ። ግን ይህ የሆነው ጋሽ ሳብ ከጋራዡ ውጭ፣ ከቆርቆሮው በር ኋላ ቆሞ ሲሰማ ነው። በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል ዓይን ሁሉ ወደ ትከሻው ሮጠ፣ ዘፈኑም ተበተነ። ደጋግመው ሞከሩት፤ ሲወጣ ይሰምራል፣ ሲገባ ይፈርሳል።

«ታዲያ ሠርጉ ቀን ከውጭ ሆነህ ልትሰማ ነው?» አለው ቀዝቃዛው።

«ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው።»

«እንዴት አድርገን?»

«እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። እኔ ከገዛ ትከሻዬ አላንስም።»

የሠርጉ ቀን፣ ሰው ሳይገባ ቀድሞ ደረሰ። የአዳራሹ ጠባቂ መብራቱን አብርቶ ጠበቀው። «ጋሼ፣ ዛሬ አታጨበጭብም?» አለው። «ዛሬ አባት ነኝ» አለ፤ እጆቹን ግን ኪሱ ውስጥ መክተት ግድ ሆነበት።

ተቀመጠ። አዲሱ ኮት አንገቱ ላይ ይከረክረዋል። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ቀዝቃዛው እጁን ጣለ፣ ባንዱ ገባ። ጋሽ ሳብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨውና በርበሬ እያየ ክፉውን ጊዜ አሳለፈው። አንድ ዘፈን አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ፣ ሰው ለጭፈራ ወጣ። ይኼማ ምንም አይደል ብሎ ልቡ አርፎ እግሩን ዘረጋ።

በዚህ መሐል የሙሽራው አጎት ሰላም ሊለው መጣ። አጎትየው በጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ግዙፍ፣ የተከበረ፣ ሲራመድ ወንበር የሚነሣለት። እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጠው አይቀበሉትም። ጋሽ ሳብ «ኧረ ኖር» ብሎ ከወንበሩ ሊነሣ ተቃና።

ባንዱ ቀጥ አለ፤ በቢላ የተቆረጠ ይመስል። የሚጨፍረው ሰው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ዳይሬክተሩ በመሐል ወለል ላይ፣ ድንገት ጸጥ ባለው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ግራና ቀኙን አየ። ጸጥታው ለሱ የተደረገ መሰለው። ማይክ ሳይፈልግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ፣ ካላችሁማ…»

ተናገረ። ስለ ጋብቻ ተናገረ፤ ስለ ትምህርት ጥቅም ተናገረ፤ ሙሽራው በልጅነቱ ከአጥር ላይ ወድቆ ስለተሰበረው ጥርሱ ተናገረ። የማያውቀውን ሰው ሳይቀር አመሰገነ። ጋሽ ሳብ ይህን ሁሉ የሰማው ከወንበሩ በግማሽ ተነሥቶ ነው። ልቀመጥ ቢል ትከሻው ይንቀሳቀሳል፣ ልቁም ቢልም ያው ነው፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ቀረ። ሚስቱ ሳቋን በመሐረብ አፍና ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ልጁ ግን አልሳቀችም። ከሙሽሮቹ ወንበር ሆና እሱን ብቻ ታየዋለች።

ንግግሩ በጭብጨባ አለቀ። አሁን ባንዱ መግባት ነበረበት። ቀዝቃዛው እጁን አነሣ፣ ጣለ። ድራመሩ ግን ወደ ጋሽ ሳብ እያየ ነበር፤ ዘግይቶ ገባ። ዘፋኟ አንድ ቃል ብቻዋን ዘፍና ቆመች። ቀዝቃዛው እንደገና እጁን አነሣ፣ አሁንም ተበተኑ። ላብ አያውቀውም የተባለው ሰው ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ከኋላ ጠረጴዛዎች አንድ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ውጣና አስይዛቸው እንጂ።»

«እውነት ነው፣ ያለሱ አይሆንም» አለ ሌላው። አንዳንዱ እያጨበጨበ ይጠራው ጀመር። የድራመሩ ወንድም ቤዝ ጊታሩን ከአንገቱ አውጥቶ፣ ና ውሰድልኝ በሚል ዓይን ወደ እሱ ዘረጋለት። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ለጋሽ ሳብ እግሮች መድረክ መውጣት እንደ መተንፈስ የለመዱት ነገር ነው። ብድግ ቢል በአንድ ትንፋሽ ሁሉ ነገር ይስተካከላል፤ ሠርጉ ይድናል። ቀና ብሎ ልጁን አያት። አትውጣ ብላ ራሷን አልነቀነቀችም። ውጣም አላለችም። የምትለውን ብላ ጨርሳለች።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ትከሻዬን ያዢልኝ» አላት ሚስቱን።

«ምን?»

«ግራውን። ጫን አድርጊ።»

ሚስቱ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ ጨርቅ ለመቁረጥ እንደምትጫነው አድርጋ ተጫነችው። ከኋላ ያሉት ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። «አየህ፣ አብሮ ማርጀት እንዲህ ነው» ተባባሉ። ጋሽ ሳብ ዓይኑን ከመድረኩ ነቅሎ የገበታውን ጨርቅ ጥልፍ ማየት ጀመረ። ባንዱ የሚያየው ነገር አጣ። ትከሻው አይንቀሳቀስ፣ ፊቱ ወደነሱ አይዞር። ከዚያ የቀዝቃዛው እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ፣ ሌላ የሚያዩት አልነበራቸውምና ሁሉም ያንኑ እጅ አዩት፣ እጁም ወደቀ።

ገቡ። ትንሽ ፈጥነዋል። ጋሽ ሳብ ሳይታወቀው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሳብ።»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ እጇን ሳታነሣ።

ድራመሩ አልሳበም። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈጥኖ ተዘፈነ፤ ሰውም ጨፈረ፣ ዳይሬክተሩ እንኳን ኮቱን አውልቆ ጨፈረ። ጋሽ ሳብ ይህን በጥሞና ተመለከተ። ዘፈን ፈጥኖ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ይህ ሁሉ ዘመን ሲያርመው የኖረው ነገር ሲለቁት ምን እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያየው፤ ምንም አይሆንም ኖሯል። ቀልጦ ይቀጥላል።

በመሐሉ ልጁ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ጎንበስ አለችበት።

«ደህና ነህ አባዬ?»

«ተቀምጫለሁ።»

«አየሁህ» አለች። ቀጥላም ጉንጩን ስማው፣ ወደ ባሏ ተመለሰች።

«እነዚህ ተጋባዦች ሁልጊዜ ይኼን ያህል ነው እንዴ የሚቀመጡት?» አላት ሚስቱን። «ወገባቸውን አያማቸውም?»

እስኪያልቅ ተቀመጠ። የመጨረሻው ዘፈን ሲቆም፣ ያቆመው የቀዝቃዛው እጅ ነው።

በሳምንቱ ባንዱን ለቀዝቃዛው ሰጠ። ልጆቹ ለመኑት፤ «እኔን እያያችሁ ሌላ ምልክት አትለምዱም» አላቸው። ቀጣሪዎች ግን ወደ ፊተኛዋ ክፍል መምጣታቸውን አልተዉም። የማይዘፈነውን ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ወደ ጋራዡ ይልካቸዋል። ማጉያ መጠገኑን በሥራ ቀናት ቀጠለ። ቅዳሜ ባዶ ሆና ስትመጣ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ሰው ተፋጠጡ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ወረፋ እንዳለ፣ ቅዳሜ ሚስቱ ከጎረቤት ጋር በር ላይ ቆማ ረጅም ወሬ እንደምታወራ አላወቀም ነበር። ቀስ በቀስ ቅዳሜዎቹ የልጁ ሆኑ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለኝ ትለዋለች፤ የማይዘጋ ቁም ሣጥን አለኝ ትለዋለች። ባሏ መፍቻና መዶሻ በቅጡ የማይለይ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጋሽ ሳብ በዚህ በጣም ደስ ይለዋል።

የመጨረሻዋ፣ የግንቦት ፲፮ ቅዳሜ ጉዳይ የመጋረጃ ብረት ነበር። ብረቱን ራሱ መርጦ ገዝቶ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሰው ከጎኑ አቁሞ ወሰደው። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይኼ ቁመተ ሎጋ ትኬት ቆርጧል?» ብሎት እስኪወርድ ሲስቅ ነበር። ልጁ ቤት መሰርሰሪያ ስለሌለ ከምድር ቤቷ ጎረቤት ተዋሰች። ግድግዳውን ለካ፣ ሰረሰረ፣ ብረቱን ሰቀለ፣ ወረደና ራቅ ብሎ አየ።

«ዘመመ» አለች ልጁ።

«መስኮቱ ነው የዘመመው።»

«አባዬ፣ ብረቱ ነው።»

ውኃ ልክ አስቀመጡበት፤ የብረቱ ቀኝ ጫፍ በእርግጥ ትንሽ ወርዷል። ልከፋ ወይስ ልሳቅ ብሎ ጥቂት ቆመና ሳቀ፤ እንደገና ወንበር ላይ ወጥቶ አስተካከለው። መጋረጃውን እሷ ሰቀለች። ሻይ ጠጡ። ሳምንት መደርደሪያ አለ አለችው፤ እሺ አላት።

ሲወጣ መሰርሰሪያውን ይዞ ወረደ። ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መሐል አዙሮ አዙሮ ጠቀለለው፣ ጫፉን ውስጥ ሸጎጠው፣ የግድግዳውን አቧራ በመሐረቡ ጠረገለት። የጎረቤቷን በር አንኳኳና ትንሽ ቆየ። ሴትዮዋ እጇ እንደረጠበ ከፈተችለት። «ሠራልን፤ እግዜር ይስጥልኝ» አላትና መሰርሰሪያውን አስረከባት።